ሶስት የነበረው አምስት ሆኖ ሁለት የቀረበት ጊታር

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው ነገሩ። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አልርቅም፣ ሳሎኔ ግማሹ ሳሎን ነው ግማሹ የተፈታ አምፕሊፋየር፣ ጊታርና የሽቦ ክምር፣ ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ የት ላስቀምጠው እያለች ስትነጫነጭ 3 አመት ሆናት። በሩ ተንኳኳ፣ ስከፍት ከማዶ ብሎክ የሚኖሩ ሽማግሌ ጊታር በጨርቅ ጠቅልለው አዝለው ቆመዋል፣ 4ኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስማቸውን አልጽፍም፣ ጋሼ ልበላቸው፣ እኔም የምጠራቸው እንደዛ ነው። በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ሊድ ጊታር ይጫወቱ ነበር፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፣ ማታ ማታ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ትዝታና ባቲ ሲጫወቱ በመስኮት ይሰማኛል፣ ሰሞኑን ግን ዝም ብለው ነበር።

ቁጭ እንዳሉ ውሃ እንኳን ሳይጠጡ "ልጄ፣ ይሄ ጊታር ድሮ ሶስት ነበር ሶስቱም ይናገር ነበር፣ አሁን አምስት አደረኩልህ ብለውኝ ሁለት ቀረኝ" አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ነው የገባኝ፣ ስለ ፒክአፕ መምረጫው ስዊች ነው የሚያወሩት (ፒክአፕ ከክሩ ስር ተቀምጦ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማግኔትና ጥምጥም ሽቦ ነው)።

ጊታሩ የስትራቶካስተር፣ ማለትም የታዋቂው የፌንደር ኤሌክትሪክ ጊታር ኮፒ ነው፣ ጃፓን የተሰራ፣ ጭንቅላቱ ላይ የነበረው ስም ተፍቆ ጠፍቷል፣ አንገቱ ግን አሁንም ቀጥ ያለ ነው። ሶስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥምጥም) ፒክአፕ አለው፣ አንድ የቮልዩም ሁለት የቶን (የድምፁን ስለት የሚቀንስ) ማዞሪያ። ድሮ የነበረው ስዊች ባለ ሶስት ፖዚሽን ነው፣ ብሪጅ (ክሩ የሚታሰርበት ጫፍ ጋ ያለው ፒክአፕ)፣ ሚድል (የመሀሉ)፣ ኔክ (አንገቱ ጋ ያለው)፣ በቃ። ዋናው የፌንደር ስትራቶካስተርም በ1954 እ.ኤ.አ ሲወጣ ባለ ሶስት ነበር፣ ሰዎች ግን ስዊቹን በሁለት ፖዚሽን መሀል ላይ አንጠልጥለው ሲያቆሙት ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ እንደሚናገርና የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነገር እንደሆነ ደረሱበት፣ ፋብሪካው ራሱ ባለ አምስት ስዊች መግጠም የጀመረው በ1977 ነው፣ ከ20 አመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ጋሼም ይህን ማንም ሳይነግራቸው መድረክ ላይ ያገኙት ነገር ነው፣ ስዊቹ በሚድልና በብሪጅ መሀል አልቆም ሲላቸው የክብሪት እንጨት ሰብረው ስንጥቁ ውስጥ ይሸጉጡ ነበር፣ "ያቺን ድምፅ ለማግኘት በአንድ ምሽት ግማሽ ክብሪት እጨርስ ነበር" ብለው ሳቁ።

ታዲያ ያ ስዊች ከስንት አመት በኋላ ሞተ፣ ጋሼ ወደ መሀል ከተማ ወስደው አንድ ሰሪ ጋ ሰጡት፣ ሰሪው አሮጌውን አውጥቶ ባለ አምስት አዲስ ስዊች ገጠመላቸው፣ ክብሪት ድሮ ቀረ አላቸው፣ ደስ ብሏቸው ይዘው ሲመጡ ከአምስቱ ሶስቱ ዝም። ተመልሰው ሲሄዱ ፒክአፑ አርጅቷል ይቀየር ተባሉ። እኔ ጋ የመጡት ፒክአፕ ከውጪ ላስመጣ ወይስ ልተወው ብለው ለመጠየቅ ነው እንጂ ይሰራልኛል ብለው አደለም።

አሁን ወደ ምርመራው። ጊታር ሲመጣልኝ መጀመሪያ አልከፍተውም፣ ይሄ ልማዴ ነው፣ ብዙ ሰው ካቻቪቴ ይዞ ብሎን ላይ ይሮጣል፣ ግን ጃኩ ላይ ኬብል ሰክተህ የኬብሉን ሌላ ጫፍ በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ብትለካ ጊታሩ ሳይከፈት ግማሹን ይነግርሃል። ቮልዩሙን ሙሉ ከፍተህ ቴስተሩን ኪሎ ኦህም (ሽቦው ኮረንቲውን ምን ያህል እንደሚከለክል የሚለካበት) ላይ አድርገህ አንዱን የቴስተር ሽቦ የኬብሉ ጫፍ አፍንጫ ላይ ሌላውን አካሉ ላይ ትይዛለህ። ጤነኛ ሲንግል ኮይል ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ኦህም አካባቢ ነው የሚያነበው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ፓራሌል (ጎን ለጎን የተገናኙ) ሲሆኑ ደግሞ ወደ ግማሹ ይወርዳል። የቶን ፖቱ (ማዞሪያው) እዚህ ንባብ ውስጥ አይገባም፣ ካፓሲተር ስላለበት ቴስተሩ የሚልከውን ዲሲ ኮረንቲ አያሳልፍም።

የጋሼ ጊታር ያነበበው እንዲህ ነው። ብሪጅ ጋ ከሚጠጋው ጀምሬ ስቆጥር አንደኛ ፖዚሽን 5.57፣ ሁለተኛ 2.91፣ ሶስተኛ አራተኛና አምስተኛ ሶስቱም 243። 243 ኪሎ ኦህም ማለት ፒክአፕ የለም ማለት ነው፣ የማየው የቮልዩም ፖቱን ብቻ ነው፣ ፖቱ 250 ተብሎ የሚሸጥ ነው እና ትንሽ ጎደል ማለቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ፒክአፑ ሞቷል የተባለው ነገር እዚህ ጋ ፈረሰ፣ ቢያንስ ሁለቱ በህይወት አሉ፣ 2.91 ሁለት ፒክአፕ አንድ ላይ ካልሆነ አይመጣም።

ቀጥሎ የትኞቹ ናቸው የሚለው። አምፑን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩና በትንሽ ካቻቪቴ የየፒክአፑን ራስ ቀስ ብዬ ነካ ነካ አደረኩ፣ የሚሰራው ፒክአፕ ላይ ቶክ ይላል የማይሰራው ላይ ዝም ነው፣ በቃ ይሄ ነው ቴስቱ (በሀይል አትምቱ፣ ውስጡ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው)። አንደኛ ፖዚሽን ላይ ብሪጅ መሆን ሲገባው ቶክ ያለው ኔክ ነው። ሁለተኛ ላይ ኔክም ብሪጅም። ሚድል የትም የለም።

እዚህ ጋ ቆም አልኩ፣ ምክንያቱም ኔክና ብሪጅ አንድ ላይ የሚባል ነገር በተለመደው የስትራቶካስተር አሰራር ውስጥ የለም። ባለ አምስቱ ስዊች የሚያጣምረው ጎን ለጎን ያሉትን ነው፣ ብሪጅና ሚድልን፣ ሚድልና ኔክን፣ ዳርና ዳር ያሉት በምንም አይገናኙም። ከተገናኙ አንድ ሽቦ ያለ ቦታው ተቀምጧል ማለት ነው። ያልኖረ ጥምረት ሲገኝ ደግሞ እኔ ደስ ይለኛል፣ ዝምታ ምንም አይነግርህም፣ የተሳሳተ ድምፅ ግን ሽቦው የት እንዳለ ይጠቁምሃል።

ክሮቹን አላልቼ ፒክጋርዱን (ፒክአፖቹና ስዊቹ የተገጠሙበትን የፊት ሽፋን) ፈታሁ። ከስሩ መጀመሪያ የወደቀው ምን ይመስላችኋል፣ ሶስት የክብሪት ስብርባሪ፣ አንዱ አናቱ እንኳ አልተቀጣጠለም። ጋሼ አንስተው መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት፣ ከዛ ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። የድሮው ስዊች ክፍት አይነት ነው፣ ብረቱ ይታያል፣ በአንድ ሳህን ሁለት ጎን አራት አራት እግር (ሽቦ የሚበየድበት)፣ ምላሱ ሲንቀሳቀስ የትኛውን እንደሚነካ በአይንህ ታየዋለህ። አዲሱ ግን የፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ ስምንት እግር በአንድ መስመር ተደርድሮ ውስጡ የተዘጋ። ስራቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ውስጥ በአንድ ዘንግ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ማብሪያዎች አሉ፣ እያንዳንዱ አንድ ኮመን (የጋራ) እግርና ሶስት ተመራጭ እግር አለው፣ አንዱ ማብሪያ ፒክአፕ ይመርጣል ሌላኛው ቶን ይመርጣል። የእግሮቹ አደራደር ግን አንድ አደለም፣ ከሳጥን ሳጥንም ይለያያል፣ ኮመኑ ዳር የሆነበት አለ መሀል የሆነበት አለ፣ ላዩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ሰሪው በልቡ የያዘው ወይ ከስልኩ ላይ ያየው ስዕል ኮመኑ ዳር ያለበት ነው፣ በእጁ ያለው ስዊች ደግሞ ሌላ። እኔ በስዊች ጉዳይ ስዕል አላምንም፣ የራሴንም ጭምር፣ ባለፈው አመት የሳልኩት ዘንድሮ ለገዛሁት ላይሰራ ይችላል።

ስለዚህ ሽቦዎቹን በስልክ ፎቶ አንስቼ ሁሉንም ነቀልኩ፣ ወረቀት ላይ ስምንት ነጥብ በመስመር አደረኩ፣ ቴስተሩን ቢፕ የሚለው ላይ አድርጌ ስዊቹን አንደኛ ፖዚሽን ላይ አቆምኩና እግር ከእግር እያነካካሁ የጮኸውን መጻፍ። ከዛ ሁለተኛ፣ ሶስተኛ፣ እስከ አምስት። አሰልቺ ነው፣ 10 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ኮመን የቱ ነው ለሚለው አንድ ቀላል ዘዴ አለ፣ በአምስቱም ፖዚሽን ከሆነ እግር ጋር የሚጮኸው እሱ ነው፣ ሌሎቹ የሆነ ቦታ ላይ ዝም ይላሉ። ውጤቱ ከግራ ስንቆጥር 4ና 5 ሁለቱ ኮመኖች ሆነው መሀል ላይ ተቀምጠዋል፣ 1፣ 2፣ 3 የ4 ናቸው፣ 6፣ 7፣ 8 የ5 ናቸው።

ፎቶውን አየሁ። ሰሪው የቮልዩሙን ሽቦ 1 ላይ፣ ብሪጅን 2 ላይ፣ ሚድልን 3 ላይ፣ ኔክን 4 ላይ ነው የበየደው፣ ማለትም ሁሉንም አንድ እግር አዛንፎ። አሁን ተከተሉኝ። አንደኛ ፖዚሽን ላይ ስዊቹ 1ን ከ4 ያገናኛል፣ 1 ላይ ቮልዩም 4 ላይ ኔክ፣ ኔክ ይናገራል። ሁለተኛ ላይ 1፣ 2ና 4 ይገናኛሉ፣ ቮልዩም፣ ብሪጅ፣ ኔክ፣ ይኸው ያ የማይኖረው ጥምረት። ሶስተኛ ላይ 2ና 4 ብቻ፣ ብሪጅና ኔክ እርስ በርስ ተገናኝተው ያወራሉ፣ ቮልዩም ግን 1 ላይ ብቻውን ቀርቷል፣ ማንም አይሰማቸውም። አራተኛና አምስተኛም እንደዛው። ሚድሉ 3 ላይ ነው ያለው፣ 3 ደግሞ ከ1 ጋር የሚገናኝበት ፖዚሽን ስለሌለ እስከ ምፅአት ቢጠብቅ አይናገርም። ለጋሼ በወረቀቱ ሳሳያቸው "እና ፒክአፑ አልሞተም?" አሉኝ። አልሞተም ጋሼ፣ በር ተዘግቶበት ነው።

የቶኑ ጎን ግን ትክክል ነበር፣ የሚገርመው። በሰሪው ስዕል አምስተኛው እግር ኮመን ነው፣ እዚህም 5 ኮመን ሆኖ ተገኘ፣ በዕድል።

ብየዳው ቀላል ነው፣ ቮልዩም ወደ 4፣ ከ4 ወደ 5 አጭር ማገናኛ፣ ብሪጅ 1፣ ሚድል 2፣ ኔክ 3፣ የሚድል ቶን 7፣ የኔክ ቶን 8፣ 6 ባዶ። የሳጥን ስዊች ላይ ግን ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከ2 ከ3 ሰከንድ በላይ የጋለውን መበየጃ እግሩ ላይ ካቆየህ እግሩ ውስጥ ለውስጥ ይንቀሳቀስና ስዊቹ ያበቃለታል፣ እኔ እግሩን በፒንሳ ጫፍ ይዤ ሙቀቱን ፒንሳው እንዲወስደው አደርጋለሁ፣ ሽቦውንም እግሩንም ቀድሜ ሊድ (ቀልጦ የሚያጣብቀውን) አስይዣቸው ስለነበር መንካት ብቻ ነው የቀረኝ። ሶስተኛው እግር ላይ ስደርስ መብራት ሄደ። ቱሉ ዲምቱ ነው ምን ታደርጋለህ፣ ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ ጋሼ ስለ ኪነት ጊዜ አወሩ፣ መኪና ላይ ጄኔሬተር ጭነው ገጠር ለገጠር ሲዞሩ የጄኔሬተሩ ጉርምርምታ በጊታሩ ውስጥ እየገባ ያስቸግራቸው እንደነበር፣ ሶስተኛውን ስንጠጣ መብራት መጣ።

ገጥሜ ለካሁ፣ ከአንድ እስከ አምስት 5.95፣ 2.94፣ 5.66፣ 2.84፣ 5.57። የሚያምር ንባብ ነው፣ ነጠላ፣ ጥንድ፣ ነጠላ፣ ጥንድ፣ ነጠላ። ጨረስኩ ብዬ ክሩን ቃኝቼ ሰጠኋቸው።

አልጨረስኩም። ጋሼ አምስቱን ዞሩት፣ ሁለተኛው ላይ፣ ማለትም ያቺ የክብሪት ድምፅ የምትኖርበት ብሪጅና ሚድል ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተለወጠ። "ይቺ አደለችም" አሉ። ሰማሁት፣ እውነት ነው፣ ቀጭን፣ ባስ የሌለው፣ ከሌሎቹ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ አይነት። አራተኛው ላይ ግን ሚድልና ኔክ ሙሉ ናቸው። እኔ ደግሞ ለመገላገል ነው መሰለኝ "ጋሼ ክራር ይመስላል እኮ፣ ለባቲ ያምራል" አልኳቸው። "ክራር ከፈለኩ ክራር አለኝ" አሉና ጊታሩን መለሱልኝ። አፈርኩ።

ነገሩ የፌዝ ጉዳይ ነው። ሁለት ፒክአፕ አንድ ክር ሲያዳምጡ አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች የሚስብ ከሆነ በሚጋሩት ድምፅ ይጣላሉና ድምፁ ይጠፋል፣ በተለይ ባሱ፣ የሚተርፈው የሚለያዩበት ቅሪት ነው። በቴስተር ቁጥሩ ያው ስለሆነ ኦህም ይህንን አያሳይም፣ ለዛ ነው ያ የሚያምረው ንባብ ያታለለኝ። ይባስ ብሎ ደግሞ ጠዋት ላይ ምልክቱ ተሰጥቶኝ ነበር፣ ኔክና ብሪጅ አንድ ላይ ሲናገሩ ቀጭን ነበሩ፣ እኔ እንግዳ ጥምረት ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት።

የሚታወቀው እንዲህ ነው። ኬብሉ እንደተሰካ፣ ቴስተሩ ኪሎ ኦህም ላይ፣ ስዊቹ በነጠላ ፖዚሽን፣ ከዛ የካቻቪቴ ጫፍ ፒክአፑ ማግኔት ላይ ታሳርፍና ቶሎ መንጭቀህ ታነሳዋለህ፣ ባነሳህበት ቅፅበት ቁጥሩ ለአፍታ ወይ ከፍ ይላል ወይ ዝቅ ይላል። ዲጂታል ቴስተር ቀርፋፋ ነው፣ አንዳንዴ ያመልጠዋል፣ አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሙት። ኔክ ከፍ፣ ሚድል ከፍ፣ ብሪጅ ዝቅ። የብሪጁ ሁለት ሽቦ ተገላብጧል ማለት ነው፣ ሲግናሉ ግራውንድ ላይ (መኪና ኤሌክትሪሺያኖች ማሳ የሚሉት) ግራውንዱ ሲግናል ላይ። ሳየው ሰሪው ላይ አልፈረድኩም፣ ሽቦዎቹ ጨርቅ ለበስ ናቸው፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር የነበረ ይመስላል፣ ከአርባ አመት ላብና ሲጋራ በኋላ ሁለቱም ቡናማ ናቸው። ለብቻው ሲናገር ደግሞ ልዩነቱ አይሰማም፣ ጥንድ ሲሆን ነው የሚታወቀው። ፒክጋርዱን እንደገና ፈትቼ ሁለቱን አቀያየርኩ። በነገራችን ላይ የፒክአፑ ክዳን ብረት ከሆነና ከግራውንድ ሽቦው ጋር የተያያዘ ከሆነ ዝም ብሎ መገልበጥ አይቻልም፣ ክዳኑ ሲግናል ይሆንና ሲነኩት ይጮሃል፣ ይሄ ፕላስቲክ ነው ችግር የለውም።

ጋሼ ሁለተኛው ላይ አድርገው አንድ የትዝታ ሀረግ ነካኩ። ምንም አላሉም። ደግመው ነካኩ። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

የቀረው እዝዝዝ የሚለው ድምፅ ነው፣ እሱንም ይጠፋል ብለው ጠብቀው ነበር። ሲንግል ኮይል የመብራቱን 50 ኸርዝ ይሰበስባል፣ ያ ተፈጥሮው ነው። በብዙዎቹ አዳዲስ ጊታሮች ሚድሉ በተቃራኒ የተጠመጠመና ማግኔቱም የተገለበጠ ስለሚሆን ሁለተኛና አራተኛ ላይ እዝታው ይጠፋል፣ የጋሼን ግን በትንሽ ኮምፓስ ሳየው ሶስቱም ማግኔት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ስለዚህ አይጠፋም። እጃቸውን ክሩ ላይ ሲያሳርፉ የሚቀንስ ከሆነ ግራውንዱ ጤነኛ ነው፣ ይቀንሳል። ነገርኳቸው፣ "ከጄኔሬተሩ ይሻላል" አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉ። አሁን ደግሞ አንደኛው ፖዚሽን ላይ ቶኑ አይሰራም፣ ጆሮ ይበሳል አሉ። ይሄ የማንም ጥፋት አደለም፣ የድሮው አሰራር ብሪጁን ያለ ቶን ነው የሚተወው፣ ያ ባዶ የተውኩት 6 እሱ ነው፣ ድሮም በዚህ ጊታር እንደዛው ነበር፣ ግን ያኔ ብሪጁን ብቻውን አይጠቀሙበትም ነበር መሰለኝ፣ አሁን አምስቱንም እየዞሩ ነው። ማታ ከስራ ስመለስ እሳቸው ቤት ወጣሁ፣ ከ6 ወደ 7 አንድ ሴንቲ የማትሞላ ሽቦ በየድኩ፣ የሚድሉ ቶን ብሪጁንም እንዲገዛ። ሂሳብ ብለው ኪሳቸውን ሲፈትሹ መጀመሪያ የወጣው ያ የክብሪት ስብርባሪ ነው።